ስለ ፈረስ መጋላ ግርግርና ስለ ሥርዐት ማጣት ቃላት

ሐረርን የጐበኙ የውጭ አገር ሰዎች የጻፉትን ወደ አማርኛ ስንመልስ እጅግ የሚያስቸግሩን ሥርዐት ማጣትን የሚገልጹት ቃላት ናቸው። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. (በ1855 እ.ኤ.አ.) በጥር ወር ዐሥር ቀን ያህል በከተማዪቱ ቈይቶ፥ መንገዶቿ ጠባቦችና የቈሻሻ ቁልል የሞላባቸው መሆናቸውን ጽፏል። ይህን ያነበበ ሰው «ጁገል ያለ ፕላን የተሠራ ዝብርቅርቅ ከተማ ነው» ብሎ ለመፍረድ ይቸኩላል። እኛም ፍርዱ ተገቢ መሆን አለመሆኑን በፈረስ መጋላና በአካባቢው ምሳሌነት ልንመረምር ወደድን።

በመጀመሪያ ቃላቱን እንለይ። ግርግር የሰውና የድምፅ ብዛት ነው፤ ገበያው ሲደራ ይነሣል፥ ሲመሽ ይበተናል። ምስቅልቅል ወይም ዝብርቅርቅ የሚባለው ነገሮች ቦታ ቦታቸውን ሲያጡ ነው። ዝርክርክነት ደግሞ የጠባይ ጕድለት ነው፤ መሰብሰብ የሚገባውን በቸልታ የተወ ሰው ይወቀስበታል። በዘፈቀደ ተሠራ የምንለው ግን ፍጻሜው ሳይታሰብ የተጀመረውን ሥራ ነው፤ እንዲህ ያለው ሥራ ላይ ላዩን ሲያዩት የተስተካከለ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ በርተን ያየው የቈሻሻ ቁልል ለዝርክርክነት ምስክር ቢሆን እንጂ ለፕላን ማጣት ምስክር አይሆንም።

ፈረስ መጋላ ማለት የፈረስ ገበያ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ግድር መጋላ የሚወስደው የልብስ ሰፊዎች መንገድ «መኪና ግርግር» ይባላል፤ ስሙንም ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ጆሮ የሚሰማው ግርግር ነው፤ ዐይን የሚያየው ግን አንድ ዐይነት ሙያ በአንድ መንገድ ተሰልፎ ነው። እንግዲህ ግርግር ባለበት ሁሉ ሥርዐት የለም ማለት አይቻልም።

የጁገልም አሠራር ይህንኑ ያስረዳል። በ16ኛው መቶ ዓመት አሚር ኑር እንዳሠራው የሚነገርለት ግንብ ዐምስት ጥንታውያን በሮች አሉት፤ እነዚህም አሱም፥ አርጎብ፥ ሱቁጣጥ፥ በድሮና አስመዲን ይባላሉ። በሐረሪ ቤት ውስጥም መደቦቹ፥ ማለት ነደባዎቹ፥ ዐምስት ሲሆኑ ለየማዕርጉ የተለዩ ናቸው። የመንገዶቹ ጥበትም ቢሆን ጥቅም አለው፤ የግንቦቹ ጥላ አላፊውን ከፀሓይ ይጋርዳል።

ግብጾች ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ከተማዪቱን ገዙ፤ በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ያዟት፤ በፈረስ መጋላም የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ታነጸ። ቀጥ ያሉት ሰፋፊ መንገዶች በብዛት የተዘረጉት ከግንቡ ውጭ በስተምዕራብ ነው። ተመልካች ቀጥተኛውን ብቻ ፕላን ብሎ የሚጠራው ከዚህ የተነሣ ይመስለናል።

ነገር ግን እውነተኛውን የዕቅድ ጕድለት ለማየት ከጠባቦቹ መንገዶች ወጥተን ወደ ሐሮማያ ሐይቅ መሄድ ይገባናል። ሐይቁ ለብዙ ዓመታት የሐረር የመጠጥ ውሃ ምንጭ ነበር። ቧንቧው ተዘርግቶ፥ ሥራው የተደላደለ መስሎ ሳለ፥ ውሃው ለከተማም ለጫትና ለአትክልት መስኖም ያለ ልክ ተቀዳ፤ ከተራራው የታጠበው ደለልም ሐይቁን ሞላው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ሐይቁ ደረቀ። ምንም እንኳ ከጊዜ በኋላ ውሃ ቢመለስበት፥ ሐረር ውሃዋን ከድሬዳዋ በኩል ከሩቅ ለማስመጣት ተገዳለች። በዘፈቀደ የተሠራ የሚለው ስም የሚገባው ለዚህ ነው።

የቃል ስሕተት በወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም። ዝብርቅርቅ የተባለ ሰፈር አፍራሽ ይታዘዝለታል፤ ግርግር የተባለ ገበያ ይበተናል፤ የተስተካከለ የተባለውን ቧንቧ ግን ማንም አይመረምረውም። ጁገል በ1998 ዓ.ም. (በ2006 እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። ይሁን እንጂ መዝገብ ብቻውን ቤትን አይጠብቅም። ስለዚህ እኛ የታሪክ ተማሪዎች አንድን ከተማ ሥርዐት የለውም ከማለታችን በፊት፥ የጐደለው ጽዳት ነውን፥ ጸጥታ ነውን፥ ወይስ አስቀድሞ ማሰብ ነው ብለን ልንጠይቅ ይገባናል።