ከማማ እስከ ድሮን
(ከላይ ስለ ማየት፣ ስለ አጋዘንና ስለ መሬት)

ከላይ ሆኖ ማየት ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ማሽላው እሸት ሲይዝ ገበሬው በእርሻው መካከል ማማ ይሠራል፤ ልጁም ወንጭፉን ይዞ ማማው ላይ ይወጣና አዝመራውን ከጦጣና ከወፍ ይጠብቃል። ይህን ማንሣቴ ዛሬ ስለ ድሮን በተወራ ቁጥር ነገሩ ሁሉ ትናንት ከውጭ የመጣ ስለሚመስለን ነው። መሣሪያው አዲስ ነው፤ ጥያቄው ግን አሮጌ ነው። ከላይ የሚያየው ማን ነው? ምን ፈልጎ ነው የሚያየው? ከታች ያለውስ መታየቱን ያውቃልን? ማማ ላይ የቆመውን ልጅ ጦጣውም መንገደኛውም ያየዋል፤ የማን ልጅ እንደሆነም መንደሩ ያውቃል። ይህን ነገር አንባቢ እስከ መጨረሻው ልብ ይበልልኝ።

አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ያበረረው ፖቴዝ 25 ነበር። ከዚያ አምስት ዓመት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. በ1934 ስዊዘርላንዳዊው ዋልተር ሚተልሆልዘር ለንጉሠ ነገሥቱ የተገዛ ፎከር አውሮፕላን ይዞ ሲመጣ አገሪቱን ከላይ ፎቶግራፍ አነሣ። እነዚያ ሥዕሎች የሚያምሩ ናቸው። ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ ሌላ ዓይን መጣ። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ አውሮፕላኖች አገሩን እያዩ ካርታ ይሠሩ ነበር፤ እያዩም ቦምብ ይጥሉ ነበር። ከታኅሣሥ ወር ጀምሮም የሰናፍጭ ጋዝ ጣሉበት፤ ረጩበት። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ላይ ሲናገሩ የቆጠሩት ወታደሩን ብቻ አልነበረም። ሴቱን፣ ሕፃኑን፣ ከብቱን፣ ወንዙን፣ ሐይቁንና የግጦሹን ሣር ሁሉ አንሥተዋል። ከላይ ለሚያየው ዓይን ሰውና እንስሳ፣ ውሃና ሣር አንድ ዒላማ ሆነው ነበርና።

ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ ዞሮ ያስገርማል። በዚያ በጦርነቱና በወረራው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1935 እስከ 1941፣ ኢጣሊያኖቹ ከአውሮፕላን ያነሡት ፎቶግራፍ አዲስ አበባ በካርታ ሥራ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ቆየ። ተመራማሪዎች ከብዙ ዓመት በኋላ ሲያገኙት በጠንካራ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ከ8,000 በላይ የሥዕል ስብስብ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ይህ ሥዕል የሚያገለግለው ለመሬቱ ምስክርነት ነው፤ የትኛው ጋራ ያኔ ዛፍ ነበረው፣ የትኛው ራቁቱን ነበር፣ ቦረቦሩ መቼ ሰፋ የሚለውን ይመልሳል።

ምስክርነቱ ደግሞ ተራ አይደለም። የኢትዮጵያ ደን ከመቶ ዓመት በፊት የአገሪቱን 40 በመቶ ይሸፍን ነበር፤ ገበሬው ጨርሶት 3 በመቶ ቀረ የሚለውን ወሬ ያልሰማ የለም። እንደ ጄምስ ማካን ያሉ የታሪክ ሰዎች ይህ ቁጥር በማስረጃ የቆመ አለመሆኑን አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት የተነሡት ፎቶግራፎችም ከዛሬው ገጽታ ጋር ሲነጻጸሩ፣ በሰሜን ብዙ ቦታ መሬቱ ያኔም የተራቆተ እንደነበረ፣ እንዲያውም አንዳንዱ ጋራ ዛሬ የተሻለ ቁጥቋጦ እንዳለው ታይቷል። እንግዲህ ሥዕል ገበሬውን ከሐሰት ክስ ሊያድነው ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ከላይ ማየት በራሱ ክፉ ነው ከሚሉት ወገን አይደለሁም።

አሁን ወደ እንስሳቱ ልምጣ። የዱር አራዊትን ከአውሮፕላን በመቁጠር ስማቸው የገነነው ጀርመናውያኑ በርንሃርት ግርዚሜክና ልጁ ሚካኤል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1958 እንደ ሜዳ አህያ ባለ ዥንጉርጉር ቀለም በተቀባች ትንሽ አውሮፕላን ሴሬንጌቲን እየዞሩ ከ366,000 በላይ እንስሳት ቆጠሩ። ሚካኤል በጥር 1959 አውሮፕላኗ ከጥንብ አንሣ ጋር ተጋጭታ ሞተ። አባትና ልጅ በሠሩት ፊልምና መጽሐፍ ዓለም ሴሬንጌቲን ወደደ። ነገር ግን በዚያው በ1959 ማሳዮች ከብታቸውን ይዘው ከሴሬንጌቲ ወጥተው ወደ ንጎሮንጎሮ ተዛወሩ። ያስወጣቸው ቆጠራው ነው ማለቴ አይደለም፤ የቅኝ ገዢው መንግሥት ከሽማግሌዎች ጋር ጉዳዩን የጨረሰው ቀደም ብሎ ነው። ሆኖም ግርዚሜክ ራሱ በፓርክ ውስጥ ሰው፣ የአገሩ ተወላጅ እንኳ ቢሆን፣ መኖር የለበትም ባይ ነበር። ከላይ ሲታይ መንጋው ግርማ አለው፤ ከመንጋው አጠገብ ያለው ጎጆ ግን የሥዕሉ ጉድፍ ይመስላል። የከፍታው ፈተና እዚህ ላይ ነው።

በእኛም አገር የደጋ አጋዘን አለ። ፈረንጆች ዲር የሚሉት ቀንዱን በየዓመቱ የሚጥለው እንስሳ በአገራችን የለም፤ የእኛ አጋዘን ቀንዱ የዕድሜ ልኩ ነው፤ እሱም የወንዱ ብቻ ነው። የደጋው አጋዘን ከስምጥ ሸለቆ በስተ ምሥራቅ ካሉት ከባሌና ከአርሲ ከመሰሉ ተራሮች በቀር በዓለም የትም አይገኝም። የአውሮፓ ሊቃውንት ያወቁት ዘግይተው ነው፤ አይቨር ባክስተን እ.ኤ.አ. በ1908 አድኖ የወሰደውን ሪቻርድ ላይዴከር በ1910 በጽሑፍ ገለጠው። የአገሩ ሰው ግን ከዚያ በፊት ሲያውቀው ኖሯል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ሌስሊ ብራውን በእግርና በበቅሎ ተራራውን ዞሮ አጠናው፤ የባሌ ተራሮች ፓርክ እንዲቋቋም ካደረጉት ምክንያቶችም አንዱ ይህ ጥናት ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በፓርኩ ብዙ አጋዘን ተገደለ። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2023፣ ፓርኩ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

አጋዘኑን መቁጠር ቀላል አይደለም። ቀን ቀን በአስታና በኮሶ ዛፍ ውስጥ ይሸሸጋል፤ ወደ ጋይሳይ ሜዳ የሚወጣው ማለዳና ማታ ነው። በእግር የሚሄድ ቆጣሪ ሽታው ይቀድመዋል፤ አንዱን መንጋ ሁለት ጊዜ ሊቆጥርም ይችላል። ቁጥሩ ደግሞ የሊቃውንት ጨዋታ አይደለም። በፓርኩ ዙሪያ ባሉት የአደን ቀበሌዎች በዓመት ስንት ወንድ አጋዘን ይታደን የሚለው የሚወሰነው በቆጠራ ነው። ቁጥሩ ከተጋነነ አጋዘኑ ያልቃል፤ ካነሰ የአካባቢው ገቢ ይቀራል። ሙቀት የሚለይ ካሜራ የያዘ ድሮን ገና ጎሕ ሲቀድ፣ መሬቱ እንደ በረዶ በቀዘቀዘበት ሰዓት፣ የእንስሳውን ገላ እንደ ፍም አብርቶ ያሳያል። ጥቅሙን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ጥቅጥቅ ያለው ቅጠል ሙቀቱንም ይጋርዳል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ባለው የሳነቴ አምባ ደግሞ አየሩ ስስ ነው፤ ብርዱም ባትሪውን ቶሎ ይጨርሳል። ስለዚህ ድሮን የእግረኛውን ጠባቂ ዓይን ይረዳል እንጂ አይተካም።

ድሮን ነፍስ ሲያድን ለማየት ጀርመንን መመልከት ይበቃል። በግንቦትና በሰኔ ሣር በማጨጃ መኪና ሲታጨድ የዋላ ግልገሎች በሣሩ ውስጥ ተኝተው ይቀራሉ፤ ተፈጥሯቸው አደጋ ሲመጣ ዝም ብለው እንዲተኙ ያዛቸዋልና ምላጩ ይደርስባቸዋል። ዛሬ ፈቃደኞች በማለዳ ድሮን እያበረሩ ግልገሎቹን ያወጣሉ፤ መንግሥቱም እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ለዚህ ሥራ ድሮን መግዣ ገንዘብ ረድቷል።

በሌላ ወገን፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ ሚነሶታ የተደረገ ጥናት አለ። ልባቸውን የሚለካ መሣሪያ በተደረገላቸው ድቦች ላይ ድሮን ሲያንዣብብ ድቦቹ አብዛኛውን ጊዜ ንቅንቅ አላሉም፤ የልባቸው ምት ግን ጨምሮ ነበር፤ የአንዱማ በደቂቃ በ123 ያህል ከፍ አለ። ካሜራው የሚያየው ጸጥ ያለ ድብ ነው፤ በውስጡ ያለውን ፍርሃት አያየውም። አላስካና ኮሎራዶ እ.ኤ.አ. በ2014 ድሮንን ለአደን መጠቀም የከለከሉትም በከንቱ አይደለም። በልጅነቴ ወሬያቸውን የሰማኋቸው አዳኞች ዱካ ይከተሉ፣ ነፋስ ይለዩ፣ ይርባቸውም ነበር፤ ለእንስሳውም የማምለጫ ዕድል ነበረው። ከሰማይ ለሚፈልገው ዓይን ግን ጫካው መሸሸጊያ መሆኑ ይቀራል።

እንስሳውን ለማየት የወጣው ዓይን ሰውንም ማየቱ አይቀርም። በባሌ ጎዳንቱ የሚባል የቆየ ሥርዓት አለ፤ ከብት እንደ ወቅቱ ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከደጋ ወደ ቆላ ይመላለሳል። በአንድ ማለዳ የተነሣ ሥዕል ጎጆውን ያሳያል እንጂ ባለጎጆው ከሁለት ወር በኋላ እንደሚሄድ አይናገርም። ያ ሥዕል «ሰፋሪ» ለሚለው ቃል ማስረጃ ሆኖ ቢቀርብ ማን ይመልስለታል? በስሜን ተራሮች የግጭ ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል፤ ፓርኩም በ2009 ዓ.ም. ከአደጋ መዝገብ ተሰርዟል። አንዱን ያስደሰተ ዜና ለሌላው ከአያት ቅድመ አያት መቃብር መለየት ነበር። ከዚህም ሌላ፣ ከ2013 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ድሮን የሚለው ቃል በብዙ ገበሬ ጆሮ የሚያሰማው ሞትን ነው። በራሱ ላይ የሚያንዣብበው ነገር አጋዘን ቆጣሪ ይሁን ሌላ፣ እረኛው ከታች ሆኖ ሊለየው አይችልም። ሲሮጥ ፈሪ ነው ልንለው አይገባም።

እንግዲህ እኔ የምለው ድሮኑ ይቅር አይደለም፤ የማማው ሕግ ይጠበቅ ነው። የሚያበረው ሰው በመንደሩ የታወቀ ይሁን። ከመብረሩ በፊት ለሽማግሌዎቹ ቀኑና ሰዓቱ ይነገር። እንስሳው በሚወልድበት ወቅት፣ ንስር ጎጆ በሠራበት ገደል አይብረር። የተነሣው ሥዕል በቅድሚያ ለሚኖርበት ሰው ይታይ፤ ጎጆው የማን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚነሣም እሱ ራሱ ይጻፍበት። ከሁሉም በላይ ለአጋዘን ቆጠራ የተነሣ ሥዕል ሰው ለመክሰሻ ወይም ለማስነሻ እንዳይውል አስቀድሞ በወረቀት ይታሰር። ይህ የማይሆን ከሆነ ቆጠራው በእግር ይሁን፤ በእግር የሚሄድ ሰው ቢያንስ ሲያልፍ ሰላምታ ይሰጣል።