ከአንጎል ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚከሰተው የፈንገስ ማጅራት ገትር፡ ለምን ቶሎ አይታወቅም?

በናይሮቢ የሚገኘው የኪሊማኒ ሰፈር ለብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን እንግዳ አይደለም። በአርግዊንግስ ኮድሄክ መንገድ የሐበሻ ምግብ ቤት አለ፤ ናይሮቢ ሆስፒታልም በዚሁ መንገድ ላይ ይገኛል፤ የኬንያ ትልቁ የመንግሥት ሪፈራል ሆስፒታል ኬንያታም ሩቅ አይደለም። ሰፈሩ ለሥራና ለስደት ለመጡት ብቻ ሳይሆን፣ ታማሚ ይዘው ለሚመጡ ቤተሰቦችም ማረፊያ ነው።

አንጎሉን ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ቤተሰብ አስቀድሞ የሚጠይቀው ቀዶ ሕክምናው መሳካቱን ነው። ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ግን ሌላ ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። ዕጢው ወጥቷል፤ የፈሰሰው ደም ተወግዷል፤ ታማሚው ግን ትኩሳቱ አልለቀው ብሏል፤ ራሱን ያመዋል፤ ነገር ይምታታበታል። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ተሰጥቶትም አልተሻለውም።

እንዲህ ላለው ሁኔታ ምክንያት ሊሆኑ ከሚችሉት አንዱ በፈንገስ የሚመጣ ማጅራት ገትር ነው። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም፤ ሲያጋጥም ግን ለሕይወት አስጊ ነው።

ስሙ አንድ፣ መንገዱ ሁለት

ማጅራት ገትር አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን የሚሸፍኑት ስስ ሽፋኖች ሲቆጡ የሚከሰት ሕመም ነው። በምሥራቅ አፍሪካ "የፈንገስ ማጅራት ገትር" ሲባል ሐኪሞች በቅድሚያ የሚያስቡት ክሪፕቶኮከስ የተባለውን ፈንገስ ነው። ይህ ፈንገስ በአፈርና በአእዋፍ ኩስ ውስጥ ይኖራል፤ በትንፋሽ ወደ ሳንባ ይገባል፤ በኤችአይቪ ምክንያት የመከላከል አቅሙ በተዳከመ ሰው ላይም ወደ አንጎል ይዛመታል። እንደ ተመራማሪዎች ግምት እ.አ.አ. በ2020 ከኤችአይቪ ጋር በሚኖሩ ሰዎች ላይ 152,000 ያህል ሕሙማን በዚህ በሽታ ሲያዙ፣ 112,000 ያህሉ ሞተዋል።

ለዚህኛው ፈንገስ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት የሚሰጥ ቀላል ምርመራ አለ። ሕክምናውም ተሻሽሏል። በአምስት የአፍሪካ አገራት የተካሄደ ጥናትን ተከትሎ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 አንድ ጊዜ ብቻ በከፍተኛ መጠን የሚሰጥ የአምፎቴሪሲን መርፌን፣ ከሚዋጡ መድኃኒቶች ጋር፣ እንደ መጀመሪያ አማራጭ ተቀብሏል።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣው ግን በአብዛኛው ሌላ ነው። ተጠያቂው ካንዲዳ የተባለው የእርሾ ዝርያ ሲሆን፣ በጤነኛ ሰው ቆዳ፣ አፍና አንጀት ላይ ያለ ጉዳት የሚኖር ፈንገስ ነው። በሕፃናት ምላስ ላይ የሚታየው ነጭ ሽፋን የእርሱ ሥራ ነው።

የክሪፕቶኮከስ ፈጣን ምርመራ ካንዲዳን አያሳይም። ስለዚህ ቀዶ ሕክምና ባደረገ ታማሚ ላይ "የፈንገስ ምርመራው ነጻ ነው" የሚል ወረቀት ብቻውን ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም። የትኛው ፈንገስ እንደተመረመረ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በሩ ቱቦው ነው

አንጎል በየዕለቱ የሚመነጭ ፈሳሽ አለው። ደም ሲፈስ ወይም ዕጢ መንገዱን ሲዘጋው ፈሳሹ ይጠራቀማል፤ ቀዶ ሐኪሞችም በቱቦ ያስወግዱታል። አንዱ ዓይነት ቱቦ ለቀናት ብቻ ወደ ውጭ፣ ወደ ከረጢት ያፈሳል። ሌላው ከቆዳ ሥር አልፎ ፈሳሹን ወደ ሆድ ይወስዳል፤ ይህ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል።

ካንዲዳ ቱቦው ላይ ተጣብቆ፣ ራሱን በሙጫ መሰል ሽፋን ይከላከላል። መድኃኒት ሽፋኑን ሰብሮ መግባት ይቸግረዋል። ቱቦው ሲሰነብት፣ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ፣ ስቴሮይድ ሲታከልበት ወይም የአንጎል ፈሳሽ በቁስሉ በኩል ሲያፈስ አደጋው ይጨምራል። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ጨቅላዎችም ተጋላጭ ናቸው።

ምልክቶቹ ግራ ያጋባሉ። አንገት ላይገተር፣ ትኩሳቱም ከባድ ላይሆን ይችላል። ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ እንቅልፍ ማብዛት ወይም ቱቦው የተዘጋ የሚያስመስል ሁኔታ ብቻ ሊታይ ይችላል። በፈሳሹ ምርመራ የሚገኘው ውጤትም የባክቴሪያ ወይም የሳንባ ነቀርሳ ማጅራት ገትርን ሊመስል ይችላል። ነቀርሳ በሰፊው በሚገኝበት በእኛ ቀጠና፣ ሐሳብ ወደዚያ መሄዱ አያስደንቅም። ይሁንና ከነቀርሳ ማጅራት ገትር ሕክምና ጋር የሚሰጠው ስቴሮይድ ያልታወቀ ፈንገስን ሊያበረታ ይችላል።

ላቦራቶሪው ካንዲዳን ሲያገኝ እንኳ "ከቆዳ የመጣ ብክለት ይሆናል" ተብሎ የሚታለፍበት ጊዜ አለ። ብክለት በእርግጥ ያጋጥማል። ነገር ግን አንጎሉ ውስጥ ቱቦ ባለበትና ትኩሳት ባለው ሰው ላይ፣ ናሙናው እንደገና ተወስዶ ሳይመረመር ውጤቱን ወደ ጎን መተው ዋጋ የሚያስከፍል ቸልታ ነው።

በ2012 በአሜሪካ የታየው ደግሞ ፈንገስ ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ የገባበት ነበር። በአንድ መድኃኒት ቀማሚ ድርጅት የተበከለ የስቴሮይድ መርፌ ጀርባቸውንና መገጣጠሚያቸውን ከተወጉት መካከል 753 ሰዎች ታመዋል፤ 64ቱ ሞተዋል። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ በሣርና በዕፅዋት ላይ የሚገኝ ሻጋታ ነበር። አንዳንዶቹ የታመሙት ከተወጉ ከሳምንታት በኋላ ነው።

ሕክምናውና የናይሮቢው ፈንገስ

በካንዲዳ የተያዘ ቱቦ ከተቻለ መውጣት አለበት። ከዚያም አምፎቴሪሲን በደም ሥር ይሰጣል፤ ፍሉሳይቶሲን ሊታከልበት ይችላል፤ ፈንገሱ የሚሸነፍለት ከሆነ በኋላ ላይ ፍሉኮናዞል ይተካል። ሕክምናው ሳምንታትን ይወስዳል፤ የሚቆመውም ምልክቶቹ ጠፍተው ፈሳሹ ሲጠራ ነው። ነባሩ የአምፎቴሪሲን ዓይነት ኩላሊትን ስለሚጎዳ በየጊዜው የደም ምርመራ ይጠይቃል። በደም ውስጥ ላለ ካንዲዳ በቅድሚያ የሚመረጡት ኢካይኖካንዲን የሚባሉት መድኃኒቶች ደግሞ ወደ አንጎል በበቂ መጠን አይደርሱም።

ካንዲዳ ኦሪስ የተባለው ዝርያ ጉዳዩን ያከብደዋል። በ2009 ጃፓን ውስጥ ከአንዲት ታማሚ ጆሮ ተገኝቶ የተገለጸ ሲሆን፣ ስሙም በላቲን "ጆሮ" ማለት ነው። በብዛት ለፍሉኮናዞል አይበገርም፤ በአልጋና በዕቃ ላይም ይሰነብታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው የአደገኛ ፈንገሶች ዝርዝር ውስጥ በከፍተኛው እርከን አስቀምጦታል።

በናይሮቢ አጋ ካን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከመስከረም 2010 እስከ ታኅሣሥ 2016 (እ.አ.አ.) በደማቸው ውስጥ ካንዲዳ ከተገኘባቸው 201 ታማሚዎች መካከል 77ቱ በዚህ ዝርያ የተያዙ ነበሩ። በሆስፒታሉ ለረጅም ጊዜ የተኙና በትልቅ የደም ሥር ቱቦ የገባላቸው ሰዎች ይበዙባቸዋል። ጥናቱ የደም እንጂ የአንጎል አይደለም። ሆኖም ሆስፒታሉ ይህን መርምሮ ይፋ ማድረጉ የሚያስመሰግን ነው፤ ዝርያውን ለይቶ የሚያውቅ ላቦራቶሪ በሌለበት ቦታ በሽታው የለም ማለት አይቻልምና።

አንጎላቸው ውስጥ ውኃ ለሚጠራቀምባቸው ሕፃናት ቱቦን ማስቀረት የሚያስችል መንገድ አለ። በኡጋንዳ ምባሌ ከተማ በሚገኘው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ቤንጃሚን ዋርፍ፣ ፈሳሹ በአንጎል ውስጥ በሚከፈት ቀዳዳ እንዲያልፍ የሚያደርግ ሕክምናን አዳብረዋል። ለሁሉም ሕፃን ግን አይሆንም።

ናይሮቢ ታክሞ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አስመራ የሚመለስ ሰው ምልክቱ የሚጀምረው አገሩ ከገባ በኋላ ሊሆን ይችላል። በዚያ የሚያገኘው ሐኪም ቀዶ ሕክምናውን አላየም። ስለዚህ የመውጫ ወረቀቱ ቀዶ ሕክምናው የተደረገበትን ቀን፣ ቱቦ ገብቶ እንደሆነና እንደወጣ፣ እንዲሁም የተሰጡትን ፀረ ባክቴሪያና ስቴሮይድ መድኃኒቶች ስም መያዝ ይኖርበታል። ትኩሳት፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ የባሕርይ ለውጥ ወይም ከቁስሉ የሚወጣ ውኃ መሰል ፈሳሽ ከታየ፣ ወረቀቱን ይዞ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።