ደንገል፣ ገመድና ሞገድ

እንጦጦ አናት ላይ የሚወርድ ዝናብ ሁለት ዕጣ አለው። በሰሜን በኩል ወደ ሱሉልታ ሜዳ ያዘነበለው ውሃ በሙገር አድርጎ ዓባይ ይገባል፤ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦም ሜዲትራኒያን ይደርሳል። በደቡብ በኩል ወደ እኛ ወደ ጉለሌ የሚወርደው ግን ቀጨኔን በመሳሰሉ ወንዞች አቃቂን፣ በአቃቂም አዋሽን ይቀላቀልና አፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። የጉለሌ ውሃ ውቅያኖስ አያይም። የጉለሌ ልጅ ግን ያያል። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም ልጆቿ በዱባይ፣ በቤይሩት፣ በጅቡቲና በካሊፎርኒያ ዳርቻዎች አሉ።

ከእነዚህ ዳርቻዎች የሚላኩ ፎቶግራፎችን የሰፈሬ ወጣቶች አልፎ አልፎ ያሳዩኛል። በአንዳንዱ ላይ አንድ ሰው ጀት ስኪ በሚባለው የውሃ ሞተር ላይ ቆሞ የሞገዱን ነጭ አረፋ ሲሰነጥቅ ይታያል። «ሞተር ብስክሌት የነዳ ይህን አያቅተውም» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። አባቶቻችን «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ያሉት በከንቱ አይደለም። ደግሞም ሞገድ ላይ ስለ መቆም የሚናገር ታሪክ ከእኛ ሩቅ አይደለም፤ ጣና ዳር ይገኛል።

ጣና 3000 ኪሎ ሜትር ካሬ ገደማ የሚሸፍን፣ ስፋቱን ያህል ግን ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው። ነፋስ ሲነሣበት ይናወጣል። በዚህ ሐይቅ ላይ የወይጦ ሰዎች ከደንገል ታንኳ ሲሠሩ ኖረዋል። የታንኳው ጥበብ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ውሃ እንዳይገባ ማድረግ አይደለም። ውሃው በደንገሉ መካከል እንደ ልቡ ይገባል፣ ይወጣል፤ ታንኳው ግን አይሰምጥም፤ የሚያንሳፍፈው ራሱ ደንገሉ ነውና። ድካሙ ሌላ ነው። ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ከሥራ በኋላ ዳር አውጥቶ ያደርቀዋል። የታንኳውን ድካም አውቆ የሚቀዝፍ ሰው በሰላም ይገባል።

ይህ ደንገል አንድ ጊዜ ውቅያኖስ ላይ ተፈትኗል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ሊሻገሩ ይችሉ እንደ ነበር ለማሳየት ሲነሣ ደንገሉን ያገኘው ከጣና ነበር። የጣና ደንገል ግብፅ ደርሶ፣ በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ፣ ከቻድ ሐይቅ በመጡ ጀልባ ሠሪዎች እጅ «ራ» የተባለች ጀልባ ሆነ። ከሰባት አገሮች የተውጣጡ ሰባት ሰዎች ተሳፍረውባት በግንቦት 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ ወደብ ከሳፊ ተነሡ። ደንገል በባሕር ውሃ በሁለት ሳምንት ይበሰብሳል ያሉ አዋቂዎች ነበሩ፤ አልበሰበሰም። ራን የጣላት ሌላ ነገር ነው።

በጥንት ግብፃውያን ሥዕሎች ላይ ከጀልባዋ የኋላ ቅስት ወደ ወለሉ የሚወርድ አንድ ገመድ ይታያል። ሠሪዎቹ ገመዱ ቅስቱን ለማጉበጥ ብቻ የሚያገለግል መሰላቸው፤ ቅስቱ ያለ ገመድም ጎብጦ ሲቆም ተዉት። ሞገዱ ሲመጣ ግን የገመዱ ሥራ ታወቀ፦ የኋላውን ክፍል ቀና አድርጎ የሚይዝ እሱ ነበር። ያለ ገመዱ የጀልባዋ ጀርባ ቀስ በቀስ ወደ ውሃው ዘቀጠ፤ ሰዎቹ 5000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዙ በኋላ ባርባዶስ ሳይደርሱ ጥለዋት ወጡ። በዓመቱ፣ በ1962 ዓ.ም.፣ ስሕተቱ ታርሞ የተሠራችው «ራ ሁለት» በ57 ቀን ባርባዶስ ገባች። የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎቻችን ይህን ለመረዳት የሚቸገሩ አይመስለኝም፤ የአንዲት ክር ቦታ መሳት ጥበቡን ሁሉ እንደሚያበላሽ ያውቃሉ።

አሁን ወደ ሞተሩ እንመለስ። ቆመው የሚነዱትን ጀት ስኪ ያሰበው ክሌይተን ጃኮብሰን የተባለ አሜሪካዊ የሞተር ብስክሌት ነጂ ነው፤ የጃፓኑ ካዋሳኪ ደግሞ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ለገበያ አቀረበው። መሣሪያው በውጭ የሚሽከረከር ክንፍ የለውም፤ ውሃ ከሥሩ ስቦ በኋላው በኃይል ይረጫል። የሚታጠፈውም በዚያው ርጭት ነው። እንግዲህ የሞተር ብስክሌት ልማድ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። የደነገጠ ጀማሪ ነዳጁን ይለቅቃል፤ ነዳጁ ሲለቀቅ ርጭቱ ይደክማል፣ መሪውም መታዘዝ ይተዋል። ሊሸሽ የፈለገውን ነገር ሄዶ ይመታል።

በዚህ መሣሪያ ላይ መውደቅ የትምህርቱ ክፍል ነው። ስለዚህ የእጅ አንጓ ላይ የምትታሰር አንዲት ገመድ ተሠርታለች፤ ነጂው ሲወድቅ ተስባ ሞተሩን ታጠፋለች። ሳያስራት የሚነሣ ጀማሪ የራን ታሪክ ይደግማል።

የቀረውም ሥርዓት እንዲሁ ቀላል ነው። ጀማሪ መንሳፈፊያ ሰደርያና የራስ ቁር ያደርጋል፤ ከኋላ የሚረጨው ውሃ ሰውነት ስለሚጎዳ ወፍራም የዋና ልብስ ይለብሳል። መጀመሪያ በጸጥተኛ ውሃ፣ በሆዱ ተኝቶ፣ ቀጥሎ ተንበርክኮ፣ በመጨረሻ ቆሞ ይለማመዳል። ወደ ሞገድ የሚሄደው ወድቆ መነሣት ከለመደ በኋላ፣ ከዋናተኞች ርቆ፣ ከሚያውቅ ሰው ጋር ነው። ሞገድ ወደ ዳር ሲጠጋ ሥሩ ከመሬቱ ይገታል፤ የውሃው ጥልቀት ከሞገዱ ቁመት ብዙ በማይበልጥበት ቦታ አናቱ ተደርምሶ ይሰበራል። ያን ጊዜ ጎንን መስጠት መገልበጥ ነው፤ ፊት ለፊት መግጠም ይገባል። የወደቀ ሰው በሞተሩና በዳርቻው መካከል አይቁም፤ ቀጣዩ ሞገድ ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝነውን ብረት ይጭንበታልና። ወደ ውስጥ የሚስብ ጅረት ከያዘውም ከጅረቱ ጋር አይታገል፤ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝቶ ይውጣ።

ጠረፍ ማጣታችን የባሕርን ዕውቀት እንድንንቅ ምክንያት አይሆነንም። እንዲያውም ባሕር ሳያይ ያደገ ልጅ ድንገት ዳርቻው ላይ የሚቆምበት ዘመን ስለ ሆነ ዕውቀቱ ከቀድሞ ይልቅ ያስፈልገናል። የጣና ቀዛፊ ታንኳው የሚደክምበትን ያውቃል፤ የራ ሰዎች የገመዳቸውን ሥራ ያወቁት ውቅያኖሱ ላይ ከወጡ በኋላ ነው። ጀማሪው ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመስል የሚወስነው እግሩ ውሃውን ሳይነካ ነው።