ከካዝናው የወጡት አምስቱ ዘፈኖች፦ ማን ይቅደም?

ቴይለር ስዊፍት «1989» የተባለውን አልበሟን እንደገና ቀድታ ያወጣችው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 27 ቀን 2023 ነው፤ የመጀመሪያው በወጣ ልክ በ9 ዓመቱ። ከነባሮቹ 16 ዘፈኖች ሌላ፣ በዚያን ጊዜ ተጽፈው ሳይወጡ የቀሩ 5 ዘፈኖች ተጨመሩበት። አድናቂዎች አምስቱን በጆሯቸው ሲያበላልጡ ከርመዋል። እኔ ግን በታሪክ ሰነድነታቸው ደረጃ ላውጣላቸው።

መጀመሪያ ለምን ወጡ? ስዊፍት እ.ኤ.አ. በ2005 ከናሽቪሉ ቢግ ማሽን ጋር ስትፈራረም ገና ታዳጊ ነበረች። የመጀመሪያዎቹ ስድስት አልበሞች ማስተር የኩባንያው ንብረት ሆነ። በ2019 ኩባንያው ለስኩተር ብራውን ተሸጠ፤ በ2020 ደግሞ ማስተሮቹ ሻምሮክ ለተባለ የኢንቨስትመንት ድርጅት ተላለፉ። እሷ በእጇ የቀራት የግጥምና የዜማ መብቷ ነበር። ውሏ ደግሞ የተወሰነ ጊዜ ካለፈ በኋላ እንደገና መቅዳትን አይከለክልም። በዚያች በር ገባች።

ልብ በሉ! እንደገና የተቀዳ ዘፈን ሁሉ ተፎካካሪ አለው፤ አሮጌው ቅጂ አሁንም ይደመጣል። ከካዝና የወጣው ግን ተፎካካሪ የለውም። እሱን የፈለገ አድማጭ ወደ እሷ አልበም መምጣት ግድ ይለዋል። አምስቱ ዘፈኖች ለአድማጭ ምርቃት፣ ለባለቤቷ ደግሞ መሣሪያ ነበሩ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የተጻፉት ያኔ ነው ተብለን፣ የምንሰማው ግን የ2023ን ድምፅና ቅንብር ነው። ዘግይቶ የተገለበጠ ብራና እንደማለት ነው። ስለዚህ መመዘኛዬ «ስለዚያ ዘመን የሚነግረን ምን ያህል ነው?» የሚል ነው።

5ኛ፦ «ሰበርባን ሌጀንድስ»። ደስ ይላል፤ ግን ከአልበሙ ውጪ ስለ ዘመኑ የሚጨምርልን የለም።

4ኛ፦ «ናው ዛት ዊ ዶንት ቶክ»። ሁለት ደቂቃ ተኩል እንኳ አይሞላም። ማጠሩ የ2014 ነው ወይስ የዛሬው የስትሪሚንግ ዘመን? መልስ ስለሌለኝ ዝቅ አደረግኩት።

3ኛ፦ «ኢዝ ኢት ኦቨር ናው?»። በቢልቦርድ ሰንጠረዥ 1ኛ የወጣው ይህ ነው። ነገር ግን ሰንጠረዡ የሚመሰክረው ስለ 2023 ገበያ ነው። ዋጋው፣ በአልበሙ ውስጥ ካለው «አውት ኦፍ ዘ ውድስ» ጋር እንደ እህትማማች መነጋገሩ ነው።

2ኛ፦ «ስላት!»። በፍቅር ሕይወቷ ላይ ይወርድ ለነበረው ስድብ የሰጠችው መልስ ነው። በዚሁ ጉዳይ ላይ ከተጻፈው «ብላንክ ስፔስ» ጋር ለአልበሙ ተወዳድሮ መውደቁን ራሷ ተናግራለች። የቀረው ስላቁ፣ የተጣለው ኀዘኑ መሆኑ ያኔ ምን መስላ መታየት እንደፈለገች ይነግረናል።

1ኛ፦ «ሴይ ዶንት ጎ»። ምክንያቴ ቀላል ነው፤ ሌላ ምስክር አለው። ታዋቂዋ የዘፈን ደራሲ ዳያን ዋረን በ2013 አብረው እንደጻፉት በአንደበቷ ተናግራለች። እንደ እሷ ያለ ስም የተጻፈበት ዘፈን ዘጠኝ ዓመት በላይ መሳቢያ ውስጥ ከከረመ፣ ያ አልበም ምን ያህል በወንፊት እንደተነፋ አስቡት።

አሁን የመጨረሻው ነገር። በሜይ 2025 ስዊፍት የስድስቱን አልበሞች ማስተር ከሻምሮክ ገዝታ አስመለሰች። አሮጌውም አዲሱም የእሷ ሆነ። እንግዲህ አሮጌውን ለማሸነፍ የተቀዱት ዘፈኖች የተቀዱበት ምክንያት አብቅቷል፤ ከዛሬ ወዲያ ከዋናው ጎን የቆሙ ግልባጮች ናቸው። ግልባጭ ያልሆኑት እነዚህ ከካዝና የወጡት ብቻ ናቸው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ከዚያ ሁሉ ጠብ የተረፈው ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ እነሱ ይመስሉኛል።

የእናንተስ 1ኛ የትኛው ነው? ምክንያታችሁን ጨምራችሁ ጻፉልኝ።