የሳውና መብራት፤ ከፋኖስ እስከ ብርሃን አስተላላፊ ክር

ከመኖሪያ ቤት ክፍሎች መካከል የሳውናን ያህል ለመብራት ሥራ አስቸጋሪ የሆነ ጥቂት ነው። በዚህች ጠባብ የእንጨት ክፍል ውስጥ ከጣራው ሥር ያለው ሙቀት ከ80 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። በጋለው ድንጋይ ላይ ውሃ በተረጨ ቁጥር እንፋሎት ይነሣል፤ ገላውን የሚያሞቀውም ሰው ራቁቱን፣ በላብ እንደ ራሰ ይቀመጣል። ርጥብ ቆዳ የኤሌክትሪክን ጅረት የመቋቋም ኃይሉ ከደረቅ ቆዳ እጅግ ያነሰ መሆኑን ለሚያውቅ ባለሙያ የነገሩ ክብደት ግልጽ ነው። ስለሆነም የሳውና መብራት ታሪክ የጌጥ ታሪክ ብቻ ሳይሆን ደኅንነትን ከምቾት ጋር የማስታረቅ ታሪክ ነው።

ጥንታዊው የፊንላንድ ሳውና ጭስ ማውጫ ያልነበረው የግንድ ቤት ነበር። በድንጋይ ክምሩ ሥር እሳት ለብዙ ሰዓት ከነደደ በኋላ ጭሱ በበሩና በትንሽ ቀዳዳ እንዲወጣ ይደረግና ሰዎች የሚገቡት እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነበር። ግድግዳው በጥላሸት የጠቆረ ስለሆነ በትንሿ መስኮት የሚገባውን ብርሃን እንኳ ውጦ ያስቀረው ነበር። በዚሁ ቤት እናቶች ይወልዱበት፣ የሞተም ሰው አስከሬን ይታጠብበት ስለ ነበር ሕዝቡ ወደ ውስጥ የሚገባው በጸጥታና በአክብሮት ነው። ከድንጋዩ የሚነሣው እንፋሎት ሎይሊ ይባላል፤ ቃሉ በጥንት ዘመን መንፈስ ማለት ሲሆን የሥጋ ዘመዱ የሆነው የሀንጋሪ ቃል ሌሌክ ዛሬም ነፍስ ማለት ነው። እንግዲህ ድንግዝግዙ ከሥርዓቱ ጋር የተዋሐደ እንጂ በእጦት ብቻ የመጣ አልነበረም።

ቢሆንም ረጅሙ የክረምት ሌሊት መብራት ማስፈለጉ አልቀረም። ከፓራፊን የሚሠራ ሻማ ከ50 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ሙቀት ስለሚቀልጥ ከላይኛው መቀመጫ አጠገብ ሊቆም አይችልም። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ፋኖሱን በልብስ ማውለቂያው ክፍል በኩል ከመስኮቱ መስተዋት ኋላ ማስቀመጥ። በዚህ ዘዴ እሳቱ ከሙቀቱ ውጭ ይቀራል፤ ወደ ውስጥ የሚያልፈው ብርሃኑ ብቻ ይሆናል።

በፊንላንድ አገር የኤሌክትሪክ አምፖል የበራው መጋቢት 15 ቀን 1882 (እ.ኤ.አ.) በታምፔሬ ከተማ በፊንሌይሰን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። ሆኖም ኤሌክትሪክ ወደ ገጠሩ በስፋት ለመድረስ ብዙ ዐሥርተ ዓመታት ወስዶበታል። በ1930ዎቹ መጨረሻ የኤሌክትሪክ ምድጃ ከተሠራ በኋላ ግን ሳውና ከሐይቅ ዳር ተነሥቶ ወደ ከተማ ቤት፣ ኋላም ወደ አፓርታማው እምብርት ገባ። ይህ ለውጥ ሁለት ነገሮችን አሳጣ፤ አንዱ የእሳቱ ፍም የሚሰጠው ቀይ ብርሃን ሲሆን ሁለተኛው መስኮቱ ነው። በመሆኑም አምፖሉ ብቸኛው የብርሃን ምንጭ ሆነ።

የአምፖሉ ሽቦ ከ2,000 ዲግሪ በላይ ግሎ የሚሠራ ስለሆነ የክፍሉ ሙቀት ብዙም አይጎዳውም። ችግሩ ያለው በአምፖል መያዣው፣ በመዝጊያ ጎማውና በሽቦው ልባስ ላይ ነው። በተጨማሪም ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ የተሰቀለ አምፖል ከላይኛው መቀመጫ ካለው ሰው ዓይን ፊት ለፊት ስለሚውል ያጭበረብራል። የእንጨት ርብራብ መከለያ የተለመደው በዚህ ምክንያት ነው።

ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ለሳውና ክፍሎች ልዩ ደንብ በ1984 አውጥቶ በ2004 አሻሽሎታል። በተሻሻለው ደንብ መሠረት ክፍሉ በሦስት ቀጣናዎች ይከፈላል። ከምድጃው ዙሪያ እስከ 0.5 ሜትር ባለው ቀጣና የምድጃው ከሆነ መሣሪያ በስተቀር ምንም አይተከልም። ከዚያ ውጭ ከወለሉ እስከ 1 ሜትር ከፍታ ድረስ ባለው ቀጣና ስለ ሙቀት ልዩ ግዴታ የለም። ከ1 ሜትር በላይ ግን መሣሪያው 125 ዲግሪ፣ የሽቦው ልባስ ደግሞ 170 ዲግሪ መቻል አለበት። ከምድጃው መስመር በቀር ሌሎቹ መስመሮች ሁሉ የሚያፈተልክ ጅረት ሲያጋጥም ኃይሉን በቅጽበት በሚያቋርጥ፣ መጠኑም ከ30 ሚሊ አምፔር በማይበልጥ መሣሪያ ሊጠበቁ ይገባል።

የአውሮፓ ኅብረት ከ2009 እስከ 2012 ባሉት ዓመታት ተራውን አምፖል ደረጃ በደረጃ ከገበያ ሲያስወጣ ኤል ኢ ዲ ቦታውን ያዘ። ይህ መብራት ኃይል ቆጣቢ ቢሆንም ሙቀትን እንደ ቀድሞው አምፖል አይችልም፤ በመቆጣጠሪያው ውስጥ ያለው ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግምት በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ መቆጣጠሪያውንና ወደ 12 ቮልት የሚያወርደውን ትራንስፎርመር ከክፍሉ ውጭ አኑሮ፣ ለሙቀት የተሠራውን መብራት ከመቀመጫው ሥር መትከሉ ይመረጣል። ከዚህም የተሻለው የመስተዋት ክር ነው። ክሩ ብርሃን እንጂ ጅረት አይሸከምም፤ የብርሃኑ ምንጭም ከግድግዳው ውጭ ይቀመጣል። ገበሬው በፋኖሱ ያደረገውን መሐንዲሱ ከብዙ ድካም በኋላ በክር ደገመው ማለት ይቻላል።

የፊንላንድ የሳውና ባህል በ2020 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል፤ ሳውና ዛሬ በአዲስ አበባ ሆቴሎችም ይሠራል። በየትም ቦታ ይሁን የመብራቱ መራጭ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው የብርሃኑን ብዛት ሳይሆን የሚያርፍበትን ቦታ ነው። የደረጃው ጠርዝ፣ ርጥቡ ወለልና የምድጃው ዙሪያ በግልጽ ሊታዩ ይገባል፤ የተቀመጠው ሰው ፊት ግን በድንግዝግዝ ይቆይ። 2,700 ኬልቪን ገደማ ያለው ሞቅ ያለ ቀለም ለዚህ ይስማማል። ማብሪያ ማጥፊያው ከበሩ ውጭ ይሁን። ይህ ሁሉ ሲሟላ ሰውየው መብራቱን ልብ ሳይል ታጥቦ በሰላም ይወጣል፤ የመሐንዲሱም ሥራ የተሳካው ያን ጊዜ ነው።