የሂዊ ሎንግ ሥራና የሉዊዚያና ሕዝብ አስተያየት

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የተነሣንበት ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም ሕዝብ ስለ ገዢው ሥራ ምን ያስብ እንደ ነበረ ዘመን ካለፈ በኋላ በምን ይታወቃል? የሚል ነው። ለዚህም ምሳሌ አድርገን የመረጥነው በአሜሪካ የሉዊዚያና ክፍለ ግዛት አገረ ገዥ የነበረውን ሂዊ ሎንግን ነው። ስለዚህ ሰው ከተጻፈው አብዛኛው ወይ ውዳሴ ወይ እርግማን ስለ ሆነ፥ የታሪክ ተማሪ ሚዛኑን የሚፈትንበት ጥሩ ጉዳይ ሆኖ አግኝተነዋል።

አስቀድመን የምናስታውቀው፥ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ነው። 1928 ሲባል ለእኛ የሚታወሰን ጠላት መረብን የተሻገረበት ዓመት ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ግን 1928 ሎንግ የተሾመበት ዓመት ነው። ሰውየው የሞተውም በእኛ አገር ጦርነቱ ሊጀመር ሦስት ሳምንት ያህል ሲቀረው ነበር።

ሎንግ በ1893 በሰሜን ሉዊዚያና ዊንፊልድ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ የማብሰያ ስብ ይሸጥ ነበር፤ ቀጥሎም ሕግ ጥቂት ጊዜ ተምሮ በ1915 የጥብቅና ፈቃድ አገኘ። በየደጁ ቆሞ ባልቴቶችን ማሳመን የለመደ ሰው በኋላ በምርጫ አደባባይ ያንኑ ዘዴ ቢጠቀም አያስደንቅም። ንግግሩ ያልታረመ፥ ስድቡ የማይረሳ ነበር። በጺሙ የታወቀውን ሽማግሌ ተቃዋሚውን ራንስደልን «የላባ አቧራ ማራገፊያ» ብሎ ሰየመው፤ ስሙም በአገሩ ሁሉ ተሰማ። አንድ የምክር ቤት አባል ሕገ መንግሥቱን አንሥቶ ቢያሳየው፥ አሁን ሕገ መንግሥቱ እኔ ነኝ ብሎ መለሰለት ይባላል። ጨዋው የኒው ኦርሊንስ ሰው በዚህ አፍሮ ነበር። ባላገሩ ግን፥ ከእርሱ እንደ አንዱ የሚናገር ገዢ ከዚያ በፊት አላየም ነበርና፥ ይስቅና ያጨበጭብ ነበር።

ሎንግ ሲሾም ሉዊዚያና በድኽነት የታወቀች ነበረች። ሲሚንቶ ወይም ሬንጅ የተደረገበት መንገድ በክፍለ ግዛቱ ሁሉ ተደምሮ ወደ 300 ማይል ብቻ ነበር፤ በክረምት የባላገሩ ጋሪ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። መጻፍና ማንበብ የማይችለው ሰው ብዛትም ከሌሎቹ ክፍላተ ግዛት የሚበልጥ ነበር። ሥልጣኑ ግን በኒው ኦርሊንስ የፓርቲ አለቆች፥ በሸንኮራና በጥጥ እርሻ ባለቤቶች፥ በነዳጅ ዘይት ኩባንያዎችም እጅ ነበር። በ1924 ሎንግ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወዳድሮ ሦስተኛ ወጣ። በ1928 በዴሞክራት ፓርቲ የውስጥ ምርጫ (በዚያ አገር ይህን ማሸነፍ ሹመቱን ማግኘት ነበር) 126,842 ድምፅ ሲያገኝ ሁለቱ ተቀናቃኞቹ እያንዳንዳቸው ከ80,000 ጥቂት በለጡ። ይህ ከመቶ 44 ያህል ነው፤ ተቃዋሚዎቹ ሁለተኛውን ዙር ባይተዉት ኖሮ ነገሩ ምን ይሆን እንደ ነበረ ማን ያውቃል። በኒው ኦርሊንስ ከአራት አንድ እጅ የሚሆን ድምፅ እንኳ አላገኘም። ስለዚህ ሎንግ ሥራውን ሲጀምር የሕዝቡ እኩሌታ እንኳ ከእርሱ ጋራ አልነበረም።

ከሠራቸው ሥራዎች መንገዱንና መጽሐፉን ብቻ እንመለከታለን፤ ስለ ሕዝብ አስተያየት ብዙ የሚያስተምሩን እነዚህ ናቸውና። ለመንገድ 30 ሚሊዮን ዶላር ብድር በሕዝብ ድምፅ አስፈቀደ። ገንዘቡ ግን ለሁሉ የሚበቃ አልነበረም። ሎንግም አንዱን መንገድ ከዳር እስከ ዳር ከመጨረስ ይልቅ፥ በየፓሪሹ (ፓሪሽ ማለት እንደ እኛ አውራጃ ያለ ነው) አምስት ማይል በዚህ፥ ዐሥር ማይል በዚያ እየቆራረጠ አሠራ። መሐንዲስ ቢያየው ሞኝነት ይለዋል። ዓላማው ግን ባላገሩ በጭቃው ሲዳክር ቆይቶ በለስላሳው መንገድ ጥቂት እንዲሄድ፥ ከዚያም ተመልሶ ጭቃው ውስጥ እንዲገባ ነበር። ይህን የቀመሰ ሰው የቀረውን መንገድ ራሱ ይጠይቃል። እኛ እንደሚመስለን ሎንግ የሕዝብን አስተያየት ከመከተል ይልቅ እንዲህ አድርጎ ሠራው ማለት ይቻላል። በ1935 ሲሞት የተነጠፈው መንገድ ከ2,000 ማይል በላይ ሆኖ ነበር።

የትምህርት መጻሕፍቱ ነገር ደግሞ ይበልጥ ልብ የሚነካ ነው። በ1928 ከነዳጅ ዘይትና ከሌላውም የተፈጥሮ ሀብት በሚወጣ ግብር መጽሐፍ ተገዝቶ ለተማሪዎች ሁሉ በነጻ እንዲታደል ታወጀ። የካቶሊክ ትምህርት ቤት ልጆችም ይካፈሉ ነበርና፥ የመንግሥት ገንዘብ ለሃይማኖት ትምህርት ቤት ሊውል አይገባም የሚል ክርክር ተነሣ። ሎንግ መጽሐፉ የሚሰጠው ለልጁ ነው እንጂ ለትምህርት ቤቱ አይደለም ብሎ መለሰ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1930 ይህን አጸና። በሚሲዮን ትምህርት ቤት አንዱን መጽሐፍ ለሦስት ተካፍለን የተማርን ሰዎች ስለ ሆንን፥ የዚህ ክርክር ጥቅም ለማን እንደ ነበረ ለመረዳት ብዙ አልተቸገርንም።

ይሁን እንጂ የሽሪቭፖርት ከተማ ያለባት የካዶ ፓሪሽ ትምህርት ቦርድ፥ እኛ ሀብታሞች ነን፥ ምጽዋት አንፈልግም ብሎ መጻሕፍቱን አልቀበልም አለ። በዚያው ጊዜ ከተማዪቱ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ በአጠገቧ እንዲሠራላት ትፈልግ ነበር፤ ለዚህም የክፍለ ግዛቱ መንግሥት መሬት ማስተላለፍ ነበረበት። ሎንግ መሬቱን ያዘ። መጽሐፍ ለመግዛት ድኻ ያልሆነ ከተማ መሬትም በነጻ አያስፈልገውም የሚል መልስ ሰጠ። የከተማው ሹማምንት ተዋርደው መጻሕፍቱን ተቀበሉ፥ መሬቱም ተሰጠ። ከሽሪቭፖርት ነዋሪዎች መጻሕፍቱን የሚወድ፥ አሰጣጡን ግን የሚጠላ ሰው አልነበረም ይሆን? እንዲህ ያለው ሰው በምርጫ ሳጥን ውስጥ የሚያስገባው ወረቀት አንድ ብቻ ስለ ሆነ፥ ሁለቱን ሐሳቡን ለይተን ልናነብ አንችልም።

ትልቁ ፈተና በ1929 መጣ። ሎንግ በሚጣራው ነዳጅ ዘይት ላይ በበርሜል አምስት ሳንቲም ግብር ይከፈል ብሎ ሐሳብ ሲያቀርብ፥ በባተን ሩዥ ታላቅ ማጣሪያ ያለው ስታንዳርድ ኦይል ተቃወመው፤ የከተሞቹ ጋዜጦችም ከኩባንያው ጋራ ቆሙ። መጋቢት ወር በሕግ መምሪያው ምክር ቤት የድምፅ መቁጠሪያው ሰሌዳ የተሳሳተ መብራት አሳየ ተብሎ አባሎቹ እርስ በርሳቸው ተደባደቡ፥ ደምም ፈሰሰ። ምክር ቤቱ ቀጥሎ ሎንግን ከሥልጣን ለማውረድ ከሰሰው። ከክሶቹም አንዳንዶቹ፥ እንደ ጉቦና የመንግሥትን ገንዘብ ያለ አግባብ እንደ ማውጣት ያሉት፥ በቀላሉ የሚታለፉ አልነበሩም።

ያን ጊዜ ጋዜጣ ብቻ ያነበበ ሰው ሎንግን የሚደግፍ አንድ ነፍስ እንኳ የለም ሊል ይችል ነበር። ሎንግ ግን በጋዜጣው ላይ አልታመነም። በራሪ ወረቀት በብዙ ሺህ አሳትሞ በየባላገሩ ደጅ አሳደለ፥ እርሱም በየፓሪሹ እየዞረ ተናገረ። የክሱን ነገር ትቶ የድኻውና የኩባንያው ጠብ ነው አለው። በመጨረሻም ከሕግ መወሰኛው ምክር ቤት 39 አባሎች 15ቱ፥ ማስረጃው ምንም ቢሆን አንፈርድበትም የሚል ወረቀት ፈረሙ፤ ለማስፈረድ ከሦስት ሁለት እጅ ያስፈልግ ነበርና ክሱ በዚሁ ወደቀ። ፈራሚዎቹ በኋላ ሹመትና ጥቅም አገኙ። ወዳጆቹ ሕዝቡ አዳነው ይላሉ፤ እኛ ግን ማስረጃ ሳይሰማ አስቀድሞ የተፈረመ ፍርድ የሕዝብ ፍርድ ነው ለማለት ይከብደናል።

በሚቀጥለው ዓመት ምክር ቤቱ አዲስ የመንገድ ብድር ቢከለክለው፥ ሎንግ ነገሩን ወደ ሕዝቡ ወሰደው። በ1930 ለዋሽንግተኑ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ከራንስደል ጋራ ተወዳደረ፤ ብሸነፍ አገረ ገዥነቱንም እለቃለሁ አለ። ወንበሩ ባዶ ይቆያል ቢሉትም፥ ራንስደል ከተቀመጠበት ጀምሮ ባዶ ነው ሲል መለሰ። ሎንግ 149,640፥ ራንስደል 111,451 ድምፅ አገኙ። ከሁለት ዓመት በፊት የናቀችው ኒው ኦርሊንስ እንኳ አሁን የተሸነፈባት ከ5,000 ባነሰ ድምፅ ነበር። ወዲያው ምክር ቤቱ ተሰብስቦ የመንገዱን ብድር አጸደቀ።

ይህ ቁጥር የሕዝቡን ፈቃድ በግልጥ የሚያሳይ ይመስላል፤ በብዙ ቦታም ያሳያል። ነገር ግን ወደ ሴይንት በርናርድ ፓሪሽ ብንወርድ ሎንግ 3,979፥ ራንስደል 9 ድምፅ ማግኘታቸውን እናነባለን። በዚያ ፓሪሽ በመራጭነት የተመዘገበው ሰው ግን ሎንግ ካገኘው ድምፅ ያነሰ ነበር። ከዚህም ሌላ የመንግሥት ሠራተኛ ከደመወዙ ለሎንግ ፓርቲ ያዋጣ ነበር፤ የሎንግንም ጋዜጣ አብዛኛውን የሚደግፈው ይኸው ሠራተኛ ነበር። ስለዚህ ጋዜጦቹ ለአንድ ወገን ሲያዳሉ፥ ሣጥኑም አንዳንድ ጊዜ ለሌላው ወገን ያዳላ ነበር።

በሣጥኑ ውስጥ ፈጽሞ ያልገባ ድምፅም አለ። በ1930 በሉዊዚያና ከሚኖረው 2.1 ሚሊዮን ሕዝብ ከሦስት አንድ እጅ የሚበልጠው ጥቁር ነበር፤ ከ1898 ሕገ መንግሥት ወዲህ ግን በመራጭነት ተመዝግቦ የቀረው ጥቁር ሁለት ሺህ ያህል ብቻ ነበር። ሎንግ ያቋቋማቸው የማታ ትምህርት ቤቶች ከ100,000 በላይ ጎልማሶችን ሲቀበሉ ከእነዚህ ብዙዎቹ ጥቁሮች ነበሩ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዳሩ ግን በአፉ ጥቁሮችን መስደብ አልተወም። በ1935 መጀመሪያ ጥቁሩ ጋዜጠኛ ሮይ ዊልኪንስ አነጋግሮት «ዘ ክራይሲስ» በሚባለው መጽሔት ሲጽፍ፥ ሰዎችን ያለ ፍርድ ስለ መስቀል ጠይቆት እርዳታ የሚሰጥ መልስ አለማግኘቱን አስታወቀ። በ1934 ለመምረጥ በየዓመቱ ይከፈል የነበረው አንድ ዶላር ግብር ሲሻር የመራጩ ቁጥር በብዙ ጨመረ፤ የጨመረው ግን ነጩ ድኻ ነው። እንግዲህ «የሉዊዚያና ሕዝብ ሎንግን ወደደው» የሚል ሰው የትኛው ሕዝብ እንደ ሆነ ሊጠየቅ ይገባል።

ተማሪዎች ለሆንን አንባቢዎች አንድ ነገር ሳንጨምር አናልፍም። ሎንግ የክፍለ ግዛቱን ዩኒቨርሲቲ እጅግ ይወድ ነበር፤ የሕክምና ትምህርት ቤት አቆመለት፥ የሙዚቃ ጓዱን ራሱ እየመራ በአደባባይ ይሄድ ነበር። በ1934 ግን የተማሪዎቹ ጋዜጣ እርሱን የሚነቅፍ አንድ ደብዳቤ ሊያወጣ ሲል፥ አሳገደው። ከተቃወሙት ተማሪዎችም ሰባቱ በመጨረሻ ተባረሩ። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ስለ እርሱ ምን ያስቡ ነበር ብለን ብንጠይቅ፥ ከዚያ ቀን በኋላ የተጻፈውን ይዘን መመለስ አንችልም። በዚያ ዓመት በትልልቅ ጋዜጦች ማስታወቂያ ላይ የጣለውን ግብርም ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1936 የጋዜጣን ነጻነት የሚነካ ነው ብሎ ሽሮታል።

ሎንግ መስከረም 8 ቀን 1935 ራሱ ባሠራው ባለ 34 ፎቅ የመንግሥት ሕንጻ ውስጥ በጥይት ተመትቶ በሁለተኛው ቀን ሞተ። በቀብሩ የተገኘው ሕዝብ ከ100,000 ይበልጥ ነበር ይባላል። ይህም ቢሆን ወዳጅነትን ብቻ አያሳይም፤ ሰው ለመደነቅም ይመጣልና።

እኛ ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ሆኖ ያገኘነው ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። በ1936 የሎንግ ወገን የሆነው ሪቻርድ ሌሽ ከሦስት ሁለት እጅ ድምፅ አግኝቶ ተሾመ። እርሱና ባልንጀሮቹ ግን የመንግሥትን ሀብት ዘረፉ፤ በ1939 ነገሩ ተገለጠ፥ ሌሽም ሥልጣኑን ለቆ በኋላ ታሰረ። ምንም የሚያስፈራ ሎንግ በሌለበት፥ ቅሌቱም በአደባባይ በወጣበት በ1940 ሳም ጆንስ የሎንግን ወንድም ኧርል ሎንግን ከመቶ 52 ያህል ድምፅ ይዞ አሸነፈው። ጆንስ ሲወዳደር በየመንደሩ የሎንግን ወገን ሌብነት ያወግዝ ነበር። መንገዱን አቆማለሁ፥ መጽሐፉን እወስዳለሁ ግን አላለም፤ እንዲያውም እንደማይነካቸው ለሕዝቡ ቃል ገባ። ከተሾመም በኋላ የሎንግ ሰዎች ከየመሥሪያ ቤቱ ሲወጡ፥ መጻሕፍቱ እንደ ቀድሞው ለልጆቹ ይታደሉ ነበር።