አንድ እጁ ባዶ የቀረ ካርቦን

እ.ኤ.አ. በ1900 ሞሰስ ጎምበርግ ያሳተሙት የምርምር ጽሑፍ በአንድ ማሳሰቢያ ይዘጋል፤ ሥራው ስለሚቀጥል መስኩ ለእርሳቸው እንዲተውላቸው ይጠይቃሉ። ስስት ነው የሚል አይጠፋም። እኔ ግን አልፈርድባቸውም። በዛሬይቱ ዩክሬን ተወልደው፣ በ1884 ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ቺካጎ የተሰደዱ ሰው ያገኙትን አጥብቀው ቢይዙ ምን ይገርማል?

ጎምበርግ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሁለት ተመሳሳይ የሞለኪዩል ግማሾችን ለማጋጠም ነበር የተነሡት። ያገኙት ግን ኦክሲጅን የገባበት ነጭ ነገር ሆነ። አየር ከልክለው ቢደግሙት ቢጫ ፈሳሽ ወጣ፤ አየር ሲነካው ቀለሙ ይጠፋል። ከግማሾቹ ሳይጋጠሙ ለየብቻቸው የሚኖሩ አሉ ማለት ነው! በዘመኑ እምነት ካርቦን አራት እጆች አሉት፤ አራቱም መያዝ አለባቸው። የእርሳቸው ካርቦን አንድ እጁ ባዶ ነበር። ዛሬ ስንናገረው፣ ጥንዱን ያጣ ኤሌክትሮን ይዟል። ኬሚስቶች ራዲካል ይሉታል። ካኖሩት ነገሮች አንዱ አጥሩ ነው፤ ሦስት ትልልቅ የካርቦን ቀለበቶች ከበው ባልንጀራው እንዳይደርስበት ይከላከሉለታል።

ይህ ብቸኛ ኤሌክትሮን ኤሌክትሪክ ቢያስተላልፍስ? ሐሳቡን በ1975 ያቀረቡት ኬሚስቱ ሮበርት ሃደን ናቸው። በ1954 ጃፓናውያን ፔሪሊን የተባለውን ኦርጋኒክ ቁስ አስተላላፊ ያደረጉት ብሮሚን ጨምረውበት ነበር። በ1977 ሺራካዋ፣ ማክዳያርሚድና ሂገር በፕላስቲክ የሠሩትም፣ በ2000 ለኖቤል ሽልማት ያበቃቸውም፣ እንዲሁ በአዮዲን ቅመም ነው። የሃደን ራዲካሎች ግን ቅመም አያስፈልጋቸውም፤ ሞለኪዩሎቹ ከተደረደሩ ኤሌክትሮኑ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሻገራል።

በወረቀት ላይ ቀላል ነው። አጥሩ ሲጠብቅ ኤሌክትሮኑ ከጎረቤት አይደርስም። አጥሩ ሲነሣ ጎረቤታሞቹ ይጣመራሉ፤ ሲጣመሩ ደግሞ የሚሻገር ነፃ ኤሌክትሮን አይተርፍም። ያኖረው ነገር ራሱ መንገዱን ዘጋበት። ኬሚስቶች ለአሥርት ዓመታት የታገሉት ከዚህ ጋር ነው።

በ2018 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሌላ ዘዴ ያዙ። እንደ ልብ በሚተጣጠፍ የፖሊመር ሰንሰለት ላይ ራዲካሎችን እንደ ዶቃ አንጠለጠሉና ሞቅ አደረጉት። ራዲካሎቹ ተጠጋግተው ቦታ ቦታቸውን ያዙ፤ አጥራቸውም አልፈረሰም። አስተላላፊነቱ ሲለካ በሜትር 28 ሲመንስ ደረሰ። መዳብ ከዚህ ሁለት ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይበልጣል። ርቀቱም 600 ናኖሜትር፣ ማለትም የአንድ ሚሊሜትር ሺኛ እንኳ የማይሞላ ነበር።